አንሶላ የማይሰቀልበት በረንዳ

መቱ ላይ አንሶላ ማጠብ ቀላል ነው፤ ከባዱ ማድረቁ ነው። ጠዋት ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ደስ ብሎሽ አጥበሽ ትሰቅያለሽ፣ መቆንጠጫውን ሳትጨርሺ ከጎሬ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ሮብኒ ዱፌ!» ብሎ ይጮኻል፤ ዝናብ መጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ የምትሠሪውን ጥለሽ ለአንሶላው ትሮጫለሽ።

እኔ የምሠራበት ሆቴል ይህን ችግር የፈታው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ሆቴሉ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ምግብ ቤቱና ግቢው፣ ላይ መኝታ ክፍሎቹ ናቸው። ከክፍሎቹ ፊት ረጅም በረንዳ አለ፤ ጣሪያው ወደ ፊት ስለሚወጣ ዝናብ አያገኘውም። በዚያ በረንዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመድ ተወጥሮ ክረምት ከበጋ አንሶላ ይሰቀልበት ነበር። ከታች ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ነጭ ጨርቅ እንጂ በር አይታየውም። ሥራውን ስጀምር፣ ከሩቅ ሲያዩት መርከብ ይመስላል ብዬ ወደድኩት። መርከብ አይቼ አላውቅም፤ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የነበረውን ሥዕል አስቤ ነው።

ትምህርቴን ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ስገባ ነው። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራቀ፣ እናቴም ታመመች፣ በዚያው ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ። ቢሆንም ሲጠሩኝ አልዘገይም። እኛ ቤት ልጅ የሚመሰገነው «ሲጠሯት አቤት፣ ሲልኳት ወዴት» የምትል ከሆነች ነው። እኔም በዚህ ተመስግኜ ነው ያደግኩት። ትልቅ ሰው ስሜን ሲጠራ፣ አፌ ሳይናገር እግሬ ይነሣል።

የአጎቴ ሚስት ናት ሆቴሉ ያስገባችኝ። የሆቴሉ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። ግቢው መካከል፣ ከጣውላ የተሠራ ሰፊ ወንበር አላቸው። እሱ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲገባ ያያሉ፣ ለስላሳ ሲወጣ ያያሉ፣ አሳላፊዎቹን በዓይናቸው ያዛሉ። «ከዚህ ወንበር የማላየው የለም» ይላሉ። እኔ አምኛቸው ነበር። ይህን ማመኔ በኋላ ብዙ ነገር አበላሸብኝ።

አልጋ ማንጠፍ ያስተማረችኝ አዴ ናት። አዴ የጎሬ ሴት ናት፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፣ ሶላቷን በልብስ ማጠቢያው ክፍል ትሰግዳለች፣ ሲያስቃት ኦሮምኛና አማርኛ ይደባለቅባታል። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ብላት «ተይ እንጂ፣ አላረጀሁም» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ ብያት ቀረ።

«ኢንታላ ኮ፣» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፣ «አልጋ እንደ ከበሮ መወጠር አለበት። ጥግ ጥጉን አጥፈሽ ከፍራሹ ሥር አስገቢ። እንግዳ ሲገባ ማንም ያልተኛበት ሊመስለው ይገባል።»

ሥራውን ወደድኩት። ማንም የማያየኝ ክፍል ውስጥ ሆኜ የተዘበራረቀውን ማስተካከል ከእኔ ጠባይ ጋር ተስማማ። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ ትራሱን አራግፋለሁ፣ አንሶላውን አየር ላይ እዘረጋውና ቀስ ብሎ ሲወርድ አየዋለሁ። አልጋውን ስጨርስ ከበሩ ዞር ብዬ አየዋለሁ፤ ዛሬም አደርገዋለሁ። በሕይወቴ «ይህን በደንብ አውቃለሁ» ያልኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው።

አዴ ሌላም ነገር አስተማረችኝ። ክፍል ስገባ የውሃ ባልዲውን ደፉ ላይ እንዳስቀምጥ፣ በሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ።

«ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ለነፋስ ነው፤ ነፋስ በር ይዘጋል።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጀርባዬን ለበሩ እንዳልሰጥ ነገረችኝ። መጥረጊያው ሁልጊዜ በእኔና በሰው መካከል ይሁን አለች። እንግዳ ክፍል ውስጥ ካለ ጮክ ብለሽ ሳሙና አምጪልኝ በዪኝ፣ ሳሙና ባይኖርም እመጣለሁ አለች። ያን ጊዜ የነፋሱ ነገር ገባኝ።

አንድ የቡና ነጋዴ ነበር፤ ሰውዬው የመጣው ቡናው መቅላት ሲጀምር ነው፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሳያበቃ ነው የሚቀላው። ከአዲስ አበባ ቡና ሊገዛ ይመጣል፣ ለቀማው እስኪያልቅ ይቀመጣል። አባቴን የሚያህል ሰው ነው። ሁሉም ጋሼ ይለዋል። ለሁሉም ቸር ነበር። ዘበኛው የሚለብሰውን ወፍራም ካፖርት የሰጠው እሱ ነው። ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ «እጃችሁ ይባረክ» ይላል። እትዬ ከወንበራቸው ተነሥተው የሚቀበሉት እንግዳ እሱ ብቻ ነበር። ክፍሉ በበረንዳው መጨረሻ ነው።

በመጀመሪያ የሚያወራኝ ስለ አልጋው ነበር። «አንቺ ያነጠፍሽውን ማበላሸት ያሳዝናል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሥራዬን አይቶ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። ቀጥሎ መጥራት ጀመረ። «አንቺ ልጅ!» ይላል፤ እኔ «አቤት» ብዬ እሮጣለሁ። ፎጣ ይጠይቀኛል። ፎጣውን ሳመጣ ሳሙና ይላል። ሳሙናውን ሳቀብለው እጄን ይዞ አይለቅም። ከዚያ ክፍሉ መግባቴን ስተው፣ እሱ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። አንሶላ ስሰቅል በተሰቀለው ጨርቅና በግድግዳው መካከል ጠባብ መተላለፊያ ይቀራል፤ እዚያ መጥቶ ይቆማል። አንዱ እጄ ገመዱን፣ ሌላው መቆንጠጫውን ይዟል። ወገቤን ይነካኛል፣ በጆሮዬ የማልጽፈውን ይናገራል፣ እየሳቀ ይሄዳል። ከጨርቁ ወዲያ የሹካና የማንኪያ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ቁርስ እየበላ ነው። እኔ ግን ድምፄ አይወጣም።

አንድ ቀን ጨክኜ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። የለስላሳ ሳጥን እያስቆጠሩ ነበር።

«እትዬ፣ ጋሼ... ያስቸግሩኛል።»

«ምን አደረጉሽ?»

«ምንም... እጄን...»

እትዬ ዓይናቸውን ከሳጥኑ አላነሡም። «እሳቸው ከሁሉም ጋር ይቀልዳሉ። አንቺ ደግሞ አንገትሽን ደፍተሽ ስትሄጂ ነው ሰው የሚደፋፈርሽ። ቀና በዪ። ምን ያስፈራሻል? እኔ ከዚህ ወንበር የማላየው የለም።»

ስሄድ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። ሁሉን የሚያዩ ከሆነ የእኔንም አይተዋል። አይተው ዝም ካሉ ደግሞ የምናገረው ለማን ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው እንኳ አልወጠርልኝ አለ። አንሶላውን ስዘረጋ ጆሮዬ በረንዳው ላይ ነው። ኮቴ ስሰማ መጥረጊያዬን አነሣለሁ። ጨርሼ ዞር ብዬ ማየቱንም ተውኩት። ወደ ቡሬ መመለስ ነበር የቀረኝ። እዚያ ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቀዋለሁ፤ የጎረቤት ሰው ለወንድሙ ልጅ ሚስትነት ሲጠይቀኝ ከርሟል፣ አባቴም «ከተማው አልሆናትም» ብሎ እሺ ማለት ይቀለዋል። ዘመዶቼ ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ምክንያት የለኝም። ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ።

ፌስታሉን ያየችው አዴ ናት፤ አብረን ነበር የምናድረው። ጠዋት አንሶላ ስንጨምቅ፣ እሷ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን በተቃራኒ እያዞርን፣ ውሃው በመካከላችን ሲንጠፈጠፍ፣ «የት ልትሄጂ ነው?» አለችኝ።

«አገሬ።»

«በሰውዬው ነው?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«እሱ እኮ ቡናው ሲያልቅ ይሄዳል። ስንቱን አሳልፌአለሁ መሰለሽ! አንዱ መሐንዲስ ነበር፣ መንገድ ሲሠሩ የመጣ፣ ሱሪውን ለተኩስ ሰጥቶ ያለ ሱሪ ክፍሉን የሚከፍት።» እሷ ስትስቅ እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ። «ባልዲሽን ደፉ ላይ አድርጊ፣ መጥረጊያሽን ያዢ፣ ያልፋል።»

«የባልዲውን ነገር ማን አስተማረሽ?»

«ከእኔ በፊት የነበረችው።»

«እሷንስ?»

«ከእሷ በፊት የነበረችው ናታ።»

«እኔም ከእኔ በኋላ ለምትመጣው ባልዲ ላስተምራት ነው?»

አዴ ማዞሯን አቆመች። አንሶላው በመካከላችን እንደ ገመድ ተጠምዝዞ ቀረ። «ማል ጎና?» አለች፤ ምን እናድርግ ማለት ነው። እንደ ቀልድ አልነበረም። እኔ ስለማላውቅ ነበር የጠየቅኩት፤ ለካ እሷም አታውቅም።

በማግስቱ እሄዳለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ጠዋት የመጨረሻ ክፍሎቼን ላስተካክል ተነሣሁ። በግቢው ሳልፍ እትዬ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ልጄ፣ መነጽሬ ከኋላዬ ወደቀ፣ አንሺልኝ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁላቸው፤ ቀና ስል ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ። እዚያ ቦታ ቆሜ አላውቅም ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ ከጨርቁ ወዲያ ነኝ። ያየሁት አንሶላ ብቻ ነው። ነጭ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። የአንድ ክፍል በር እንኳ አይታይም። ከሥሩ በኩል የአንድ ሰው ነጠላ ጫማ ሲያልፍ አየሁ፤ የማን እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም።

ለካ አይተው ዝም አላሉም። አያዩም። ያን ሁሉ ጊዜ እኔም እሳቸውም፣ ከዚያ ወንበር ሁሉ የሚታይ መስሎን ነበር።

እሄዳለሁ ማለቴን ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም። ግን መጀመሪያ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ሳፋውን አስቀመጥኩ፣ ከጫፍ ጀምሬ መቆንጠጫውን እየነቀልኩ አንሶላዎቹን ማውረድ ጀመርኩ። ገና ውሃ ያንጠባጥባሉ። ከጎሬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

እትዬ ከታች ጮኹ፤ «ምን ሆንሽ አንቺ? ማን አውርጂ አለሽ? ዝናብ እየመጣ የት ልትሰቅዪው ነው?»

«ይታይ ብዬ ነው» አልኩ። ድምፄ በጭንቅ ደረሳቸው።

«ምኑ ነው የሚታየው?»

የመጨረሻውን አውርጄ፣ ባልዲዬን ይዤ ደረጃው አናት ላይ ያለው ክፍል ገባሁ። እዚያ አድሮ የነበረው ሹፌር ወጥቶ ነበር። ባልዲውን ደፉ ላይ አስቀምጬ አልጋውን መግፈፍ ጀመርኩ።

ኮቴው መጣ። ሰውዬው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነው የመጣው፤ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እየሳቀ። በረንዳው መከፈቱን አይቷል፣ «ዛሬ ቤቱ በርቷል» አለኝ። ግን ልማድ ሆኖበት መሰለኝ፣ ምን ማለት እንደሆነ አላሰበውም። ክንዴን ያዘኝና በሩን ለመግፋት ባልዲውን በእግሩ ገፋው።

ባልዲው ተገለበጠ። ደረጃው አናት ላይ ስለነበር አልቆመም። ከቆርቆሮ የተሠራ ባልዲ ነው፤ በየደረጃው እየነጠረ፣ ውሃው እየተከተለው፣ ኳ ኳ ኳ እያለ ወርዶ ግቢው ውስጥ ቁርስ የሚበሉት ሰዎች እግር ሥር ደረሰ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ቀና ሲል ደግሞ የሚጋርድ ነገር አልነበረም። ሰውዬው በበሩ፣ እጁ ክንዴ ላይ፣ ፎጣው ወድቆ።

እጁን ለቀቀ። ግን ዘግይቷል፣ ታይቷል።

እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጋሼ፣» አሉ፣ በደንብ አክብረው፣ «የእርስዎ ክፍል መጨረሻው ነው። እዚያ ምን ጠፋዎት?»

«ኧረ ቀልድ ነው እትዬ! ከልጅቷ ጋር እየቀለድን ነው።»

አዴ እጇ አረፋ እንደሆነ ከማጠቢያው ብቅ አለች። «ቀልድ ከሆነማ ጮክ ብለው ይንገሩን ጋሼ፣ እኛም እንሳቅ።»

አንድ ሹፌር እንጀራ ጎርሶ ስለነበር ሳቁን መያዝ አቃተውና ትን አለው። አጠገቡ ያለው ጀርባውን ይመታዋል። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። ሁለት መምህራን ነበሩ፣ አንደኛዋ ሴት ናት፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ ታየኝ ነበር።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ቀልድ ነው?»

ያ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ የምቆም ልጅ ነኝ ብያለሁ። ያን ጊዜም በሩ አጠገቤ ነበር፤ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ኋላ ብል ይሸፍነኛል። አላልኩም።

«አይደለም» አልኩ።

አዴ እስከ ወጥ ቤት ተሰማ ትላለች። አላምናትም፤ እሷ ማጋነን ትወዳለች። እትዬ ዘንድ ግን ደርሷል። ከዚያ ዘበኛውን ጠሩና በለሰለሰ ድምፅ «የጋሼን ሻንጣ አውርድላቸው» አሉ። ዘበኛው ያን ካፖርት እንደ ለበሰ ወጥቶ ሻንጣውን አወረደ። ሰውዬው ደረጃውን ሲወርድ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ «በአንዲት አልጋ አንጣፊ ምክንያት?» አለ። እትዬ «ደረጃው እርጥብ ነው፣ ይጠንቀቁ» ብቻ ነው ያሉት።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ሊያሰናብቱኝ ነው ብዬ ፌስታሌን ሳልፈታ ሄድኩ።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር፣ እትዬ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት። ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ነግረሽኛል» አሉ። ቀና ብለው ወደ በረንዳው ተመለከቱ። በሮቹ ሁሉ በተርታ ይታያሉ። «እዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉን የማይ ይመስለኝ ነበር» አሉ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ የእሳቸው እድሜ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ እኔም አላየሁ። ያሉኝ ሌላ ነው። «ያን ገመድ ፍቺው። ለአዴም ንገሪያት፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ አንሶላ አይሰቀልም።»

ገመዱን እኔና አዴ ፈታነው። ቋጠሮው ከብዙ ዓመት እርጥበት የተነሣ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ አዴ በጥርሷ ስትይዘው «እኔ ገመድ ልብላ!» እያለች ነበር። እኔም ፌስታሌን የፈታሁት የዚያኑ ቀን ነው።

ነገሩ በዚህ አለቀ ብል ውሸት ይሆናል። መጀመሪያ ነገር አንሶላው የት ይድረቅ? የዚያን ሳምንት ክፍሎቹ በአልጋ ልብስ ብቻ ነው የተነጠፉት፤ እርጥቡን ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የእትዬ መኝታ ቤት ሳይቀር አሰጣነው። ሰውዬውም ብቻውን አልሄደም፣ በዚያ ዓመት ጓደኞቹ ሌላ ሆቴል አረፉ። እትዬ ባዶ ክፍል ሲያዩ ይነጫነጫሉ። አንዳንዴ ወደ እኔ ያዩና ወዲያው ዓይናቸውን ይመልሳሉ፤ ያን ሳይ ይከብደኝ ነበር። የታች አሳላፊዎችም የራሳቸው ችግር አለባቸው፣ ጠጥቶ እጁን የማይሰበስብ ሰው በረንዳ ስለተከፈተ አይጠፋም።

ግን ለውጥ መጣ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የምድጃው ሙቀት በሚወጣበት በኩል፣ አናጢ መጥቶ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ ዳስ ሠራልን። ገመዱ እዚያ ሄደ። አንሶላው ዝናብም ቢሆን ይደርቃል፤ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። አንድ እንግዳ «አንሶላችሁ ጭስ ይሸታል» ብሎ ሲያማርር አዴ «ጭስ በውሃ ይለቃል ጌታዬ፤ የማይለቅ ነገርም አለ» አለችው። ምን ለማለት እንደፈለገች እሱ አልገባውም። ከዳሱ ሥር አግዳሚ አስቀመጥን። ቀድሞ ምሳችንን ወጥ ቤት ቆመን ነበር የምንበላው፣ አሁን እዚያ ቁጭ ብለን በአንድ ትሪ እንበላለን፤ አሳላፊዎቹም ይመጣሉ። ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ጠረጴዛ እንደሚያስቸግር እንነጋገራለን። የሚያስቸግር ካለ ለእትዬ አንዷ ብቻዋን አትነግርም፤ አብረን ነው የምንሄደው። እትዬ በመጀመሪያ «ሰልፍ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ለመዱት። አንድ ሰካራም ሁለት ጊዜ ከተነገረበት በኋላ ራሳቸው «አንተ፣ እዚህ ቤት አትምጣ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

እትዬ ለእንግዳም ቁልፍ ሲሰጡ የሚናገሩት ነገር አለ፤ ማንም አላስተማራቸውም፣ ከራሳቸው ነው። «ልጆቹ ክፍል የሚያጸዱት እንግዳው ሲወጣ ነው። የሚፈልጉት ካለ ከበረንዳው ሆነው ይጥሩ፣ ከታች አቤት ይላሉ።»

ይህ ለሌሎቹ ቀላል ነው። እኔ ግን ከታች ሆኜ አቤት ስል ከላይ የሚሰማ ሰው የለም። እንግዳው ደግሞ ደጋግሞ ይጠራል፣ እግሬ ይነሣል፣ አዴ ቀሚሴን ይዛ ታስቀረኛለች። በመጨረሻ ሰለቻት። በዕረፍት ቀናችን ወደ ሶር ፏፏቴ ይዛኝ ሄደች። ከመኪና ወርደን በጫካው ውስጥ በጭቃ እየተንሸራተትን ወረድን፤ ጦጣዎች ከላያችን ቅርንጫፍ ያራግፋሉ። ከሥሩ ስንደርስ የውሃው ጩኸት ጆሮ ይዘጋል፣ ፍንጣቂው ፊታችንን አራሰው።

«በዪ አቤት!» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ።

«አቤት» አልኩ።

«ምን አልሽ? ውሃው አልሰማሽም!»

«አቤት!»

«አሁንም አልሰማም!»

መጨረሻ ላይ ጉሮሮዬ እስኪሻክር ጮኽኩ። አዴም አብራኝ ትጮኻለች፤ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ፣ እየሳቀች። ሌሎች ጎብኚዎች እብዶች ናቸው ሳይሉን አልቀሩም። ዓይን አፋርነቴ ከውሃው ጋር ወረደ አልልም፤ ዛሬም ሰው ፊት ስናገር ፊቴ ይግላል። ድምፄ ግን ምን ያህል እንደሚሄድ ያወቅኩት እዚያ ነው።

የዛሬ ዓመት አዴ ጉልበቷን ስላመማት ወደ ዳሱ ሥራ ዞረች፣ ማድረቅና መተኮስ ነው የሷ። ክፍሎቹ በእኔ እጅ ሆኑ። በቅርቡ አንዲት አዲስ ልጅ መጣች። ከገጠር ናት፤ ስታወራ መሬት ታያለች። የቀድሞ ራሴን ያየሁ መሰለኝና በመጀመሪያው ቀን ተንገበገብኩላት። አልጋ አስተማርኳት። «እንደ ከበሮ» አልኳት። አንሶላውን አብረን ዘረጋን፣ አየር ሞልቶት ቀስ ብሎ ወረደ፤ ደስ ሲላት አየሁ፣ ለመደበቅ ግን ጎንበስ አለች።

ስንጨርስ ባልዲው ደፉ ላይ እንደሆነ አየች። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ እጄ ሳያስበው።

«እዚህ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

ለነፋስ ነው ልላት አፌ ላይ መጣ። «የድሮ ልማድ ነው» አልኳትና ወደ ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ ነገርኳት፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሰውዬው፣ ባልዲው ደረጃውን እንዴት እንደወረደ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከታች እትዬ ወንበራቸው ላይ እየታዩ ነው የነገርኳት። ባልዲው ላይ ስደርስ ሳቀች።

ወደ ግቢው ወርደን ሳለ ከላይ አንድ እንግዳ «እህት!» ብሎ ጠራ። ልጅቷ ወዲያው እግሯ ተነሣ። ቀሚሷን ያዝኩ።

«ከዚህ ሆነሽ ነው።»

«ቢቆጡስ?»

«ጠሩሽ አይደል? አቤት በያቸው። መሮጥ ግን የለብሽም።»

አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ነው። እትዬ አርጅተዋል፤ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር። ሳይዞሩ «ጮክ በዪ ልጄ፣ እኔ እንኳ አልሰማሁሽም!» አሏት። ከዳሱ ደግሞ አዴ፣ የአንሶላ ጫፍ እንደያዘች፣ «ሶር ልውሰዳት እንዴ?» ብላ ጮኸች።

ልጅቷ ተቅለሰለሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ በሁለት እጇ ቀሚሷን ይዛ አገጯን ወደ በረንዳው ቀና አደረገች።

«አቤት!»

እንግዳው በበረንዳው አጥር ላይ ብቅ አለ፤ ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ነው። «ውሃ ሄደብኝ፣» አለ፣ «አንድ ጆግ ብቻ፣ ደረጃው ላይ ካስቀመጥሽልኝ ራሴ እወስዳለሁ።»